አሥር ባልዲ ያልሞላ ቀን

ሁለቱ ወንድማማቾች ጉድጓድ ቆፋሪዎች ነበሩ። ጉድጓድ ቆፋሪ ሲባል ዶማ ይዞ መሬት የሚቧጥጥ ሁሉ እንዳይመስላችሁ። የእነሱ ሥራ ውሃ እስኪገኝ ድረስ፣ አንዳንዴ አሥር አንዳንዴ ሃያ ሜትር፣ አንድ ሰው ብቻ በምታስገባ ቀዳዳ ወደ ምድር ሆድ መውረድ ነበር። አንዱ ከታች ይቆፍራል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ አፈሩን በመዘውርና በገመድ፣ ባልዲ በባልዲ ይጎትታል። ከታች ያለው ሰው ነፍሱ ያለችው ከላይ ባለው ሰው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ከማይወዱት ሰው ጋር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሙያውን ያስተማራቸው አባታቸው ነበር። ሲሞት ቤትና አንድ መዘውር ትቶላቸዋል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ግን ሕጉ ነው። ማንም ሰው ሁለት ቀን በተከታታይ አይወርድም። ዛሬ የወረደ ነገ ከላይ ይውላል፤ አለቀ። ጉድጓድ ከመደርመሱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ከግድግዳው ጥቂት አፈር፣ እንደ ጨው ቅንጣት፣ ሽር ብሎ ይወርዳል። ያንን የሚሰማው ያረፈ ጆሮ ነው። የደከመ ሰው የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው። አባትየው ይህን የተማረው ከማንም አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙን ሦስት ቀን አከታትሎ አውርዶ በአራተኛው ቀን ሬሳውን ቆፍሮ ያወጣ ዕለት ነው።

ሕጉ ቅጥያም ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ወይም ገመድ ሲበጠስ ሥራ በእንጥልጥል ይቀራል። ያ ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ልጆቹ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ቡጢ ተማዘዋል። አባትየው ሁለቱንም በጥፊ ካለ በኋላ ቁርጡን ነገራቸው፦ አሥር ባልዲ አፈር ካልወጣ ቀኑ ቀን አይባልም፤ ተረኛው ተራው እንዳለ ይቆየዋል፣ በሚቀጥለውም የሥራ ቀን ራሱ ይወርዳል። ቆጣሪው ከላይ ያለው ነው። እያንዳንዱን ባልዲ ለየብቻ ይከምራል፤ አሥር ሲሞላ በአካፋ ይደባልቀዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ተራ ጭቅጭቅ ተነስቶ አያውቅም።

ታላቅየው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው። ታናሽየው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። መንደሩ ሽቦ ይለው ነበር፤ ከጎድን አጥንቱ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውማ። ጠባብ ጉድጓድ ሲገጥም «ይኸ ለሽቦ የተሰፋ ነው» ይባላል። የበላው የት እንደሚገባ እናቱም አታውቅ፤ ሦስት ሰው የሚያጠግበውን በልቶ «እማዬ፣ ቀማምሻለሁ፤ ምሳው መቼ ነው?» የሚል ጉደኛ ነበር።

ጀግና አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ብዙ ሰው ጀግና ጀግና ስላለው ነው። ሽቦ ውሻ ይፈራል። የወፍጮ ቤቱ ውሻ ሲጮህበት አጥር ላይ የወጣ ልጅ ነው፤ መንደሩ ይህን ያወቀው ደግሞ ወፍጮ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ እዚያው ቆማ ስለሳቀችበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ወትሮው የጎረቤቱን ሁሉ እህል ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ቤት መመላለስ አበዛ። ውሻውን መፍራቱን ግን አልተወም፤ በአጥሩ ዙሪያ ዞሮ ነበር የሚገባው። «ለሴት ብሎ ትከሻውን ይገብራል እንጂ ባቱን አይገብርም» ትለው ነበር የወንድሙ ሚስት። እሱም «እትዬ፣ ባቴ ላይ ምን ሥጋ አለና ነው? ውሻውም ያዝናል» ይላታል።

ጉድጓድ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ሲወርድ ይዘፍናል፤ ድምፁ ከምድር ውስጥ ሲወጣ ልጆች ከበው ይስቃሉ። ታላቅየው ገመዱን ይዞ ይሰማዋል። ዘፈኑ ሲቆም ልቡ ይቆማል፤ ሲቀጥል ይቀጥላል። በአፉ ነግሮት አያውቅም እንጂ ከልጆቹ እኩል ነበር የሚወደው። ደግሞስ ማን ለወንድሙ «እወድሃለሁ» ይላል?

ጦርነቱ መጀመሪያ የራዲዮ ወሬ ነበር። ቀጥሎ የጨውና የሳሙና መጥፋት ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን የመንደሩ ሊቀመንበር መዝገብ በብብቱ ይዞ በየደጁ ቆመ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው፣ እስከ ቅዳሜ። «ማን ይሂድ የሚለውን እናንተው ተነጋገሩበት። እኛ በሰው ቤት ጣልቃ አንገባም» አለ። ልጅህን ስጠኝ ካለ በኋላ ጣልቃ አልገባም የሚል ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው የሚበቅለው።

ያን ቀን ሥራ ከቆመ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። የትምህርት ቤቱን ጉድጓድ ጀምረው ዝናቡ አላስቀምጥ ብሏቸው ቤት ተቀምጠዋል። እናቲቱ መስኮቱ ሥር ምስር ትለቅማለች። የታላቅየው ሚስት ትንሹን ልጅ አቅፋ፣ ትልቁ እግሯ ሥር ተኝቶ፣ ወለሉን ታያለች። ማንም ማንንም አላየም።

በመጨረሻ ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደ ሥራችን እናድርገው» አለ። «መውረድ የማን ተራ ነው? ተረኛው ይሂድ። ጠብም ቅሬታም የለበትም።»

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ ሽቦ። «የማን ተራ ነው ታዲያ?»

«ባለፈው ዝናብ ሲመታን የወረድኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አንተ ነህ። ግን እኮ ሥራው በግማሽ ነው የቀረው። አሥር ሞልቶ ነበር እንዴ?»

እንግዲህ ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቆጠረው ሽቦ ነው፤ ከላይ የነበረው እሱ ነዋ! የወጣው ሰባት ባልዲ ብቻ ነበር። ታላቅየው ሲወጣ ክምሮቹን በዓይኑ አይቷል፤ ሰባት፣ በአንድ ረድፍ። ቀኑ ቀን አይደለም፤ ተራው የራሱ ነው። ስምንት ቀን የዘነበው ዝናብ ክምሮቹን ጠርጎ ወስዷቸዋል። እሱን የሚያጋልጥ ነገር በምድር ላይ አልቀረም፤ ከወንድሙ ጭንቅላት በቀር።

ሚስቱ እግር ሥር የተኛውን ልጁን አየ። ሚስቱን አየ።

«አሥራ ሁለት ነው ያወጣነው» አለ። ጆሮው እንደ ፍም ቀላ።

ሽቦ ወዲያው አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነህ፣ አሥራ ሁለት ነው። እንግዲያው የኔ ተራ ነው» አለና ተነስቶ ቀበቶውን ማጥበቅ ጀመረ፤ የዚያኑ ደቂቃ የሚሄድ ይመስል። «ብቻ እዚያ ውሻ እንዳይኖር!» ብሎ ቀለደ። የሳቀለት አልነበረም።

ታላቅየው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ተስፋ ጨብጦ ኖረ። ሽቦ ዘንግቶት ይሆናል፤ ዝንጉ ልጅ ነው፤ ስምንት ቀን ብዙ ነው፤ ከልቡ አሥራ ሁለት መስሎት ይሆናል። አልጋው ላይ ሲገላበጥ፣ ሲበላ፣ መንገድ ሲሄድ ይህችን ያመነዥካታል። ሆዱ ግን እውነቱን ያውቃል። ሽቦ የልብሱን ቁልፍ ሳይቆልፍ ሊወጣ ይችላል፤ ባልዲ ግን ተሳስቶ ቆጥሮ አያውቅም።

ጭነት መኪናው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሽቦ የተሰጠው ልብስ ሁለት ሽቦ ያስገባል፤ እጅጌውን አራት ጊዜ አጥፎታል። ወፍጮ ቤት የምትሠራው ልጅ ፊቷ ዱቄት እንደሆነ እየሮጠች መጥታ ከሰው ኋላ ቆመች። አያት፤ ግን አፍሮ አልጠራትም። እናቱ አንገቱን ይዛ ሳመችው፣ ሳመችው፣ አልለቅ አለች። መኪናው ሲነሳ ታላቅየው «ሽቦ!» ብሎ ጮኸ። ሽቦ ዞረ። «ጆሮህን ጠብቅ» አለው ታላቅየው፤ ሌላ ነገር ሊል ነበር።

አምስት ወር ሙሉ ወሬው ጠፋ። በስድስተኛው አንድ ደብዳቤ መጣ። ሽቦ ትምህርት የተወው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ደህና ነኝ ይላል፤ ለእማዬ፣ ለእትዬ፣ ለልጆቹ ሰላምታ ይላል። ወፍጮ ቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ ይላል፤ «ከውሻው በቀር»። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ከጠላት የባሰብን ጥማቱ ነው። ውሃ የሚመጣው በመኪና ነው፤ መኪናው አንድ ቀን ይመጣል ሦስት ቀን ይቀራል። ለመቶ አለቃው ውሃ አወጣልሃለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ከምሽጉ ኋላ ቦታ አይቻለሁ፣ ጋሼ፤ አፈሩ የኛን የትምህርት ቤቱን ይመስላል።»

እናቲቱ ደብዳቤውን ስታስነብብ በደስታ አለቀሰች። ቢያንስ ከተኩሱ ገለል ብሏል ብላ ነው። ታላቅየው ግን ላብ አጠመቀው። ገመዱን ማን ይዞለታል? ከማን ጋር ነው የሚቀያየረው? የትምህርት ቤቱ አፈር ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ አሸዋ ነው፤ እንኳን ለብቻ ለሁለትም አስቸግሯቸዋል። በዕለቱ ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ፦ «ሁለት ቀን አከታትለህ እንዳትወርድ። የሚቀይርህ ሰው ከሌለ ተወው። ውሃው ይቅርባቸው። እኔ ታላቅህ ነኝ ያልኩህ።» አሁንም ሌላ የሚጽፈው ነበረው፤ እርሳሱን ይዞ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አጠፈው።

መልስ አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው ሊቀመንበሩ ነው። የታተመ ወረቀት ይዟል። ደጅ ላይ ቆሞ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጠበቀና አነበበ፤ ጀግና፣ መስዋዕት፣ ደማቅ ታሪክ። የት እንደሞተ የለበትም፤ እንዴት እንደሞተ የለበትም። ስሙንም አሳስተውታል። እናቲቱ ሊቀመንበሩ አንብቦ እስኪጨርስ ቆማ ነበር፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ታላቅየው አላለቀሰም። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ እንባህን አውጣው» ይለዋል፤ እሱ ደረቀ። የሚያለቅስ ወንድሙ የሞተበት ሰው ነው፤ ወንድሙን ለሞት የላከ ምን ብሎ ያለቅሳል? እንዲህ ነበር የሚያስበው። ወፍጮ ቤት የምትሠራው ልጅ መጥታ ጥግ ተቀምጣ፣ ለማልቀስ ምን መብት አለሽ እንዳትባል ፈርታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ዋለች።

ሌላ ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በክራንች የሚሄድ ወጣት የሽቦን ቤት እየጠየቀ መጣ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የሽቦ ምሽግ ጓደኛ ነበር። አስገቡት፤ ወንበር ሰጡት፤ ምግብ አቀረቡለት። መብላት አቃተው። ቤተሰቡ ፊቱ ተደርድሯል፤ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ የወንድም ሚስት።

«እንዴት ነው የሞተው?» አለች እናቲቱ። «ምንም ሳትደብቅ ንገረኝ፣ ልጄ።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ እማማ።»

ነገራቸው። መቶ አለቃው ጥማቱ ሲብስበት ፈቀደ። ሽቦ ከጥይት ሣጥን መዘውር ሠራ፤ አራት ወታደሮች ገመድ እንዲይዙ አስተማረ። መቆፈሩን ግን ማንም አልቻለበትም። አንድ ቀን አንዱ ወርዶ ትንፋሽ አጥሮት እየጮኸ ወጣ። ስለዚህ ሽቦ በየቀኑ ወረደ፤ አሥራ አንድ ቀን፣ ያለ ምትክ። ዘፈኑ በአምስተኛው ቀን ቆመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ማታ ከጉድጓዱ ሲያወጡት ለደቂቃዎች የሚያናግሩትን አይሰማም ነበር።

«ደብዳቤ... ደብዳቤዬ አልደረሰውም?» አለ ታላቅየው።

«ደርሶታል፣ ጋሼ። ጮክ ብሎ አነበበልን። ከዚያ 'ታዲያ መጥቶ አይቀይረኝም!' ብሎ ሳቀ። ኪሱ ነው የከተተው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተደረመሰ። መድፍ አልነበረም፤ ጥይት አልነበረም፤ ሰማዩ ጸጥ ብሎ ነበር። ገመዱ ላላ፤ አለቀ። እስከ ማታ ቆፍረው አወጡትና እዚያው አጠገቡ ቀበሩት። በሁለተኛው ቀን አፈግፍጉ የሚል ትዕዛዝ መጣ። ውሃውንም ማንም አላየው።

እናቲቱ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ወታደሩ የጨነቀው ሰው ነገር ለማቅለል እንደሚያደርገው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ግን ሳቂታ ነበር እኮ! ጓዱን በሙሉ አንድ አባባል አስለምዶን ሄደ። ሃያ ጆንያ ዳቦ ተልኳል ይሉናል፣ ስምንት ይመጣል። አለቆቹ ሃያ ብለው ይፈርማሉ፤ እኛም ዝም። ይኼኔ ሽቦ 'ሰባቱ አሥራ ሁለት ሆነ' ይላል። አንዱ ሲዋሽ ሁላችንም እያወቅን ስናልፈው፣ ሰባቱ አሥራ ሁለት ሆነ እንባባላለን። እስካሁን ሆስፒታል ያሉት ልጆች ይሉታል። ምን ማለት ነው ብንለው፣ 'የቤታችን ጨዋታ ነው' ብሎ ይተወዋል። ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?»

ጉድጓድ ቆፋሪው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሷ ግን ስትፈለግ አትከፈትም። ያቺ አሥር ወር ሙሉ ያመነዠካት ተስፋ አፉ ውስጥ አፈር ሆነች። ሽቦ አልዘነጋም። እያወቀ ነው ቀበቶውን ያጠበቀው፤ እያወቀ ነው የቀለደው።

«ተናዶ ነበር የሚለው?» አለ።

«ኧረ! እየሳቀ ነው እንጂ።»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ወታደሩ ያምነዋል፤ ምግቡን ቀምሶ፣ ክራንቹን ይዞ ይሄዳል፤ ነገሩም ከሽቦ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ሰባት ባልዲ ነበር ያወጣነው» አለ። «ተራው የኔ ነበር። አሥራ ሁለት ነው ብዬ ዋሸሁ። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ወታደሩ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። የታላቅየው ሚስት «ምን? ምን አልክ አንተ?» አለች፤ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። በእሱ ውሸት ባሏን ይዛ የቀረች ሴት ናት፤ ምን ብላ ትቆጣ?

ታላቅየው እናቱ ፊት ተንበረከከ። «እማዬ፣ ርገሚኝ» አለ። «ምቺኝ። አንቺ ነሽ የምትፈርጂኝ።»

እናቲቱ መወዛወዟን አቆመች። ከዚያ ለምድጃው እንደምትናገር ሁሉ፣ ማንንም ሳታይ ተናገረች።

«ክምሮቹን እኔም አይቻቸዋለሁ» አለች። «ዝናቡ ሊጀምር ሲል ምሳችሁን ይዤ መጥቼ የለ? ሰባት ነበሩ። አንተ አሥራ ሁለት ስትል እሱ ወዲያው አልመለሰም፤ አንተ ዓይንህን ከልጅህ ስላላነሳህ አላየኸውም እንጂ፣ ዞሮ እኔን ነው ያየው። እናገር እንደሆነ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ አሰብኩ። አንተ ብትሄድ አራት ሰው ነው የሚሄደው አልኩ፤ እሱ አንድ ነው አልኩ። ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ያኔ ነው ልክ ነህ ያለህ። አንተን ብሎ መሰለህ? እኔን አይቶ ነው የሄደው።»

ትንሹ ልጅ ከጓዳ ጠራ፤ የታላቅየው ሚስት ልትነሳ ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጉድጓድ ቆፋሪው እንደተንበረከከ ቀረ። አሥር ወር ሙሉ የፈራውም የጠበቀውም አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ተነስቶ፣ ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ ብሎ እንዲፈርድበት። እንዲህ ሊለው የሚችል አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እናቱ ናት ብሎ ያምን ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ልክ እንደ እሱ አንገቷን ደፍታ፣ የሚፈርድባት ሰው ትጠብቃለች። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አልቀረም ነበር።